ብዙ ጨረቃዎች ያሏት ፕላኔት ጁፒተር ናት ወይስ ሳተርን? በአንድ የሐዋሳ የጥያቄና መልስ ውድድር የተነሣ ክርክር

መነሻው ጽሑፍ

በውይይት መድረካችን ላይ ይህን ክር (ተከታታይ ውይይት) የከፈትሁት ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ እዚሁ ሐዋሳ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት በተዘጋጀ የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ፣ በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ብዙ ጨረቃዎች ያሏት ፕላኔት የትኛዋ እንደሆነች ተጠየቀችና ሳተርን ብላ መለሰች። ዳኛው ከፊታቸው ያለውን ወረቀት ተመልክተው መልሱ ጁፒተር መሆኑን፣ የጨረቃዎቿም ብዛት 79 መሆኑን አስታወቁ፤ ነጥቡም ለተጋጣሚው ቡድን ሄደ። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ 274 የሚለውን ቁጥር በጣቷ እየነካካች መንገዱን ሁሉ ዝም ብላ ተቀመጠች። ቁጥሩን የጻፈችው መጋቢት ላይ የሳተርን ጨረቃዎች 274 መድረሳቸውን የሚናገረውን ዜና አብረን ባነበብንበት ምሽት ነበር።

በመድረኩ ያቀረብሁት ጥያቄ ነጥቡ ይመለስላት የሚል አልነበረም፤ ውድድሩ አልፏል። የጠየቅሁት የጨረቃዎች ቁጥር በየጥቂት ዓመቱ የሚለወጥ ከሆነ ለልጆቻችን ምን ብለን እናስተምር የሚል ነው። የራሴንም አቋም አብሬ ጽፌአለሁ፦ የጨረቃ ቁጥር የተቆጠረበት ቀን ካልተጻፈበት ግማሽ መልስ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት ወራት 27 ምላሾች መጥተዋል። ክሩ ስለረዘመና አዲስ የሚገቡ አባላት ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ ስለከበዳቸው፣ የምላሾቹን ሐሳብ በየተራ ቁጥራቸው ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያውን ምላሽ የሰጡት ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህር ናቸው። ለልጄ መልካም ምኞታቸውን ካስቀደሙ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሲያስተምሩ ጁፒተር 16፣ ሳተርን ደግሞ 18 ጨረቃዎች እንዳሏቸው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፉ እንደነበር አስታወሱ። ያን ጊዜ ቁጥሩን በቃላቸው የያዙት ተማሪዎች ዛሬ የልጆች ወላጆች ሆነዋል፤ ምናልባትም ለልጆቻቸው ያንኑ እየነገሩ ይሆናል ሲሉ ተጨንቀዋል። ጭንቀታቸው ከልብ እንደነበረ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል።

ምላሽ 2

ቀጥሎ አንድ የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ እስከዚያ ቀን ድረስ የታወቀውን ቆጠራ በሰንጠረዥ አቀረበ። ሜርኩሪና ቬነስ ምንም የላቸውም፤ መሬት 1፣ ማርስ 2፣ ጁፒተር 97፣ ሳተርን 274፣ ዩራነስ 28፣ ኔፕቲዩን 16 ጨረቃዎች አሏቸው፤ ድምሩ 418 ነው። ከሰንጠረዡ ይልቅ የጠቀመን ግን መሪነቱ እንዴት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እንደቆየ ያሳየበት ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ጁፒተር በ79 ትመራ ነበር። በ2019 ለሳተርን 20 ጨረቃዎች ተጨምረውላት 82 በመድረሷ መሪነቱን ወሰደች። በ2023 መጀመሪያ ጁፒተር 92 ደርሳ መልሳ ቀደመች፤ በዚያው ዓመት ጥቂት ወራት ቆይቶ ሳተርን ከ140 በላይ ሆነች። በ2025 መጋቢት ደግሞ 128 ጨረቃዎች በአንድ ጊዜ ታውጀው 274 ስለደረሰች፣ ያን ጊዜ የሌሎቹ ፕላኔቶች ሁሉ ድምር የእርሷን ግማሽ ብዙም አያልፍም ነበር። ስለዚህ የዳኛው ወረቀት ፈጠራ አልነበረበትም፤ ስድስት ዓመት ያህል ሳይታደስ የቆየ ትክክለኛ መረጃ ነበር።

ምላሽ 3 እና 4

አንዲት እናት ስልካቸው ላይ ሲፈልጉ ለጁፒተር 95፣ ለሳተርን 146 የሚል ቁጥር እንደሚያገኙ ገልጸው የትኛውን እንመን ብለው ጠየቁ። የፊዚክስ ተማሪው ሁሉም ድረ ገጾች በእኩል ፍጥነት እንደማይታደሱ፣ ለጁፒተር የተጨመሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ጨረቃዎችም ይፋ ከሆኑ አንድ ወር እንኳ እንዳልሞላቸው በትሕትና አስረዳቸው።

ምላሽ 5

በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ ጽሑፍ ይህ ነው። ጸሐፊዋ ከሳተላይት ምስሎች ካርታ የምትሠራ ባለሙያ ስትሆን፣ 128ቱ ጨረቃዎች እንዴት እንደተገኙ ሁላችንም በምናውቀው ቦታ መስላ አስረዳችን። በምሽት ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆመን፣ መብራቷ እጅግ የደበዘዘ ጀልባ በሐይቁ ላይ ስታልፍ ፎቶ እናንሣ እንበል። አንዱ ፎቶ ብቻውን ምንም አያሳይም። ፎቶዎችን ለሰዓታት ደጋግመን ካነሣን በኋላ ግን እያንዳንዱን በጀልባዋ ፍጥነት ልክ ገፋ እያደረግን ብንደራርባቸው፣ የዳርቻው መብራቶች ወደ መስመርነት ሲዘረጉ የጀልባዋ ደካማ ብርሃን በአንድ ነጥብ ላይ እየተጠራቀመ ይወጣል። ተመራማሪዎቹ በሃዋይ ተራራ ላይ በሚገኘው የካናዳ፣ የፈረንሳይና የሃዋይ የጋራ ቴሌስኮፕ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የሚገፉት ግን በሳተርን የሰማይ ጉዞ ልክ ነው።

ነጥብ መታየቱ ብቻውን እንደማይበቃም አክላለች። ያች ነጥብ በመንገዷ የምታልፍ አስትሮይድ (ፀሐይን የምትዞር አለት) ልትሆን ስለምትችል፣ በእርግጥ ሳተርንን እንደምትዞር ለማረጋገጥ በተለያዩ ዓመታት ደጋግሞ ማግኘትና ምሕዋሯን ማስላት ያስፈልጋል። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 የተነሡት ምስሎች በ2023 በተደረገ ሌላ ክትትል ተደግፈው በ2025 ብቻ ይፋ የሆኑት። በመታየትና በመታወጅ መካከል ይህን ያህል ዓመት መኖሩን ከዚህ በፊት አላሰብሁበትም ነበር፤ ለልጄ ጮክ ብዬ አነበብሁላት።

ምላሽ 6

እዚህ ላይ የክሩ ቃና ተለወጠ። ራሱን መሐንዲስ ነኝ ያለ አባል፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስፋት ያለውን ድንጋይ ሁሉ ጨረቃ ማለት የቃሉን ክብር ማውረድ ነው ሲል ጻፈ። በዚህ አያያዝ የኛው የሐዋሳው ታቦር ተራራ ተነቅሎ ሳተርንን ቢዞር ጨረቃ ሊባል ነው፤ ልጆችን እንዲህ ባለ ቁጥር ማስጨነቅም የአእምሮ ብክነት ነው አለ። በመጨረሻም የእኔን ጥያቄ የልጅን ሽንፈት በሳይንስ ስም ማስታመም ብሎ ጠርቶታል። ይህ ጎድቶኛል፤ ሆኖም ስለ ድንጋዮቹ ያነሣው ጥያቄ ተገቢ ስለነበረ አልተቃወምሁትም።

ምላሽ 7

አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት በሐሳቡ ግማሽ ተስማማች። ከ418ቱ መካከል በራሳቸው ስበት ክብ ቅርጽ የያዙት ከሃያ አይበልጡም፤ ተማሪ በስም ሊያውቃቸው የሚገባውም እነዚህን ነው ትላለች። የጁፒተሯ ጋኒሜድ 5,268 ኪሎ ሜትር፣ የሳተርኗ ቲታን 5,150 ኪሎ ሜትር የመሐል ስፋት ስላላቸው፣ 4,879 ኪሎ ሜትር ካላት ከሜርኩሪ ይበልጣሉ። በጁፒተር ጨረቃ በአዮ ላይ እሳተ ገሞራ ይፈነዳል፤ የሌላዋ ጨረቃዋ የዩሮፓ የበረዶ ቅርፊት ከሥሩ ውቅያኖስ እንደያዘ ይታመናል፤ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ትንሿ የሳተርን ጨረቃ ኢንሴላደስም በደቡብ ዋልታዋ በኩል የውኃ ተንና በረዶ ወደ ህዋ ትረጫለች። በክፍሏ ውስጥ ስለ ኢንሴላደስ ስትናገር ከኋላ ወንበር የሚያንቀላፉት ልጆች እንኳ ቀና እንደሚሉ ጽፋለች።

ምላሽ 8

የካርታ ባለሙያዋ ተመልሳ መጣች፤ አሁን ግን ቃሏ ጠንከር ያለ ነበር። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለጨረቃ ዝቅተኛ መጠን አልደነገገም፤ መጠን መስፈርት ይሁን ከተባለ፣ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነችው ፎቦስና ከእርሷም የምታንሰው ዲሞስ ከማርስ ተነጥቀው ማርስ ባዶ እጇን ትቀራለች። ትንንሾቹ ጨረቃዎች ደግሞ ታሪክ ተናጋሪዎች ናቸው፤ በተቀራረበ ምሕዋር በቡድን በቡድን መሄዳቸው፣ ሳተርን ቀድሞ በስበቷ የያዘቻቸው ትልልቅ አካላት በግጭት መሰባበራቸውን ያመለክታል። መሐንዲሱ ስለ ታቦር የተናገረውንም ሳትሸሽ መለሰችለት፦ አዎን፣ ታቦር ሳተርንን ቢዞር ጨረቃ ይባላል። እኔ በቆጠራው ጉዳይ ከእርሷ፣ በማስተማሩ ጉዳይ ከመምህርቷ ጋር ነኝ።

ምላሽ 9 እና 10

አንድ አሞራ ገደል በተባለው የሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ የሚውሉ ዓሣ አጥማጅ በልጃቸው እጅ አስጽፈው፣ ለእርሳቸው የምትታወቃቸው ጨረቃ አንዲቷ ብቻ እንደሆነችና እርሷም ሥራቸውን እንደምታዝ ገለጹ። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ቆሮሶ የተባለው ዓሣ መረቡን አይቶ ስለሚሸሽ፣ ጠዋት መረቡ ሲጎተት ክብደቱ ከእጅ ላይ ያስታውቃል፤ ጨለማ በሆነበት ሳምንት ግን ጀልባው ጎንበስ ብሎ ይመለሳል። የጁፒተር ዓሣ አጥማጅ ቢኖር 97 ጨረቃዎችን እንዴት ይችላቸዋል ብለው ከልብ ጠየቁ። 10ኛው ምላሽ ከ97ቱ አብዛኞቹ እጅግ ጥቃቅንና ሩቅ በመሆናቸው ብርሃናቸው ሌሊቱን እንደማያነጋው፣ ከጁፒተር ደመና ላይ ሆኖ ለሚያይ ጎልተው የሚወጡት አራቱ ትልልቆቹ እንደሆኑ አስረዳቸው።

ምላሽ 11

የባሕረ ሐሳብ ዐዋቂ የሆኑ አባት ነገሩን ወደ ራሳችን ቆጠራ መለሱት። የጨረቃ ዓመት 354፣ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ስለሆነ በየዓመቱ የሚተርፈው 11 ቀን አበቅቴን ያስገኛል። የ2017 ዓ.ም. አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ነው፤ የ2018 ዓ.ም. አበቅቴ ደግሞ 12፣ መጥቅዕ 18 ይሆናል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሞላሉ፤ ዑደቱም በ19 ዓመት ይመለሳል። ማንም ተማሪ አበቅቴ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ መጀመሪያ የየትኛው ዓመት ብሎ ይጠይቃል እንጂ በደፈናው ቁጥር አይጠራም፤ መምህሩም ዓመቱን ሳይጠቅስ አይጠይቅም። ሃምሳ ዓረፍተ ነገር ብጽፍ የመነሻ ሐሳቤን እንዲህ አላስረዳውም ነበር።

ምላሽ 12

ይህን ተከትሎ አንድ ሙስሊም ወንድማችን የረመዳን ጨረቃ በስሌት አስቀድማ ብትታወቅም በዓይን መታየቷ እስኪረጋገጥ እንደሚጠበቅ አስታውሶ፣ በ5ኛው ምላሽ በተነገረው በመታየትና በመታወጅ ልዩነት እንዳልተገረመ ጻፈ።

ምላሽ 13 እና 14

አንድ ወጣት መሬትም ሁለተኛ ጨረቃ እንዳገኘች በዜና መስማቱን ጠቅሶ ሰንጠረዡ ይታረም አለ። የፊዚክስ ተማሪው እርማቱን አልተቀበለም። 2024 ፒቲ5 የተባለችው 10 ሜትር ያህል የሆነች አለት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 29 እስከ ኅዳር 25 ቀን 2024 በመሬት ስበት ሥር ቆይታ ያለፈች እንግዳ ናት፤ አንድ ሙሉ ዙር እንኳ አልዞረችም። ካሞኦአሌዋ የምትባለው ሌላዋ አለትም የምትዞረው ፀሐይን ሲሆን፣ ከመሬት ጋር ጎን ለጎን ስለምትጓዝ ብቻ እኛን የምትዞር ትመስላለች። ቻይና ወደዚህች አካል ቲያንዌን 2 የተባለችውን መንኮራኩር የላከችው ክሩ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 21 መሆኑ ውይይቱን አሙቆታል።

ምላሽ 15

ሜርኩሪና ቬነስ ለምን ባዶ ቀሩ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ ፀሐይ ቅርብ በመሆኗ ስበቷ ጨረቃ ሊሆን የሚችለውን ነገር ይነጥቃቸዋል። ጸሐፊው ግን አንድ ጠቃሚ ታሪክ ጨመረ። ከሳተርን ጨረቃዎች አራቱን ያገኘው ያው ጆቫኒ ካሲኒ እ.ኤ.አ. በ1672 እና በ1686 በቬነስ አጠገብ ጨረቃ አየሁ ብሎ ነበር፤ ያች ጨረቃ ግን የለችም። ቆጠራው የሚጨምር ብቻ ሳይሆን የሚቀነስበትም ጊዜ እንዳለ ከዚህ ተማርሁ።

ምላሽ 16 እና 17

ፕሉቶን ከነአምስት ጨረቃዎቿ እንደምር የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ መሐንዲሱም ፕሉቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ከፕላኔትነት መውጣቷን የማያውቅ ሰው ስለ ጨረቃ ባይከራከር ይሻላል ብሎ በአንድ መስመር ዘጋው። መልሱ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ለመድረካችን አይመጥንም።

ምላሽ 18

ያልጠበቅሁት ምላሽ ይህ ነበር፤ የጻፉት የውድድሩ ዳኛ ራሳቸው ናቸው። ጥያቄዎቹ ከዓመታት በፊት ተዘጋጅተው በየውድድሩ ሲያገለግሉ የቆዩ መሆናቸውን አምነው፣ ዳኛ በመድረክ ላይ ከያዘው ወረቀት ውጭ ቢፈርድ ለሁለቱም ቡድን ፍትሕ እንደማይሆን ተከራከሩ። ቃላቸው ጨዋና የታሰበበት ነበር።

ምላሽ 19 እና 20

19ኛው ምላሽ ግን ጨዋ አልነበረም። ጸሐፊው መምህራን መጽሐፍ ካነበቡ ዘመን አልፏል በሚል ጀምሮ ዳኛውን በስንፍና ከሰሰ። በ20ኛው ምላሽ ጣልቃ የገባሁት እኔ ነኝ። ዳኛው ስማቸው ባልተጠራበት ክር ራሳቸው ወጥተው መናገራቸው ሊከበር እንደሚገባ፣ በአንድ ወንበር ከስልሳ በላይ ተማሪ የሚያስተምር ሰው የሳተርንን ዜና በየወሩ ባለመከታተሉ ሊሰደብ እንደማይገባ ጻፍሁ። አንባቢዎች ስልሳው በአንድ ክፍል ለማለት እንደሆነ ገብቷቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ በቁጣ ስለጻፍሁ ቃል ተሳስቶብኛል።

ምላሽ 21

ዳኛው ተመልሰው፣ ከእንግዲህ በወረቀታቸው ላይ ያለው ጥያቄ በዚህ ዓመትና በዚህ ወር እንደታወቀው የሚል ሐረግ እንደሚታከልበት አስታወቁ። ለልጄም በግል ደብዳቤ ጽፈውላታል፤ ይዘቱን እዚህ አላወጣውም።

ምላሽ 22

አንድ የቋንቋ ሰው የሌሎች ፕላኔቶችን ጨረቃ ሌላ ስም እንስጣት፣ ሳተላይት እንበላት የሚል ሐሳብ አመጣ። ሳተላይት ሲባል ሰው ሁሉ ጣራ ላይ የሚተከለውን ሳህን ስለሚያስብ ሐሳቡ ደጋፊ አላገኘም።

ምላሽ 23

ይህን ጽሑፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደር ወጣት በጥር ወር መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶች ጣራ ላይ ወጥቶ፣ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ባይኖኩላሩን በሮቶው ማስቀመጫ ብረት ላይ አስደግፎ ጁፒተርን ተመለከተ። ከጎኗ በአንድ መስመር የተሰደሩ ጥቃቅን ነጥቦችን አየ። በአሮጌ የመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጁፒተርን ክብ፣ እነርሱን ነጠብጣብ አድርጎ ለአምስት ሌሊት ሣላቸው። በመጀመሪያው ሌሊት ሁለት በቀኝ ሁለት በግራ ነበሩ፤ በሁለተኛው ሦስት ብቻ ታዩ፤ በሦስተኛው አራተኛዋ በሌላው ወገን ብቅ አለች። የደረሰኙን ፎቶ አብሮ ለጥፎታል፤ አንዱ ነጥብ ላይ የዝናብ ጠብታ ወድቆ ቀለሙን አፍስሶታል። ጋሊሊዮ እነዚያኑ አራት ጨረቃዎች ያያቸው እ.ኤ.አ. በጥር 1610፣ ከ415 ዓመት በፊት በዚያው ወር እንደነበረ ያወቀው ከሣላቸው በኋላ ነው።

ምላሽ 24 እና 25

ነሐሴ 6 ቀን ማለዳ ዓሣ አጥማጁ አባት ተመልሰው፣ መረብ ሊያነሡ ሲወጡ ደመናው ተገልጦ በከተማዋ በኩል አንዲት ጣት በማትሞላ ርቀት የተቀራረቡ ሁለት ደማቅ ኮከቦች ማየታቸውን ነገሩን። የጣራው ወጣት ደማቋ ቬነስ፣ ሁለተኛዋ ጁፒተር እንደሆኑ መለሰላቸው፤ በዚያ ማለዳ አንድም ጨረቃ የሌላትና 97 ያሏት ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

ምላሽ 26

ነሐሴ 14 ቀን፣ በቡሄ ማግሥት፣ የካርታ ባለሙያዋ አዲስ ዜና አመጣች። በጄምስ ዌብ የህዋ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 2025 በተነሡ ምስሎች ላይ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነች የዩራነስ ጨረቃ መታየቷ በዋዜማው ተገልጿል፤ ለጊዜው ኤስ/2025 ዩ1 ትባላለች። የፊዚክስ ተማሪው በ2ኛው ምላሽ ያለውን ሰንጠረዥ ወዲያው አርሞ ዩራነስን 29፣ ድምሩን 419 አደረገ፤ በየመስመሩ ጎን ደግሞ የቀን ዓምድ ጨመረ።

ምላሽ 27

ዓሣ አጥማጁ አባት ከእነዚህ ሁሉ አንዲቷን እንኳ በዓይናቸው ማየት ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። የ1ኛው ምላሽ ጸሐፊ መምህር ከሣጥን ውስጥ የቆየች ትንሽ ቴሌስኮፕ እንዳለቻቸው ጽፈው፣ መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ሳተርን ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ወጥታ ሌሊቱን ሙሉ ስለምትታይ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር እንድንገናኝ ቀጠሩን። ቀለበቷ በዚህ ዓመት ጎኑን ወደ እኛ ስላዞረ እንደ ቀጭን ክር ብቻ እንደሚታይ፣ ቲታን ግን ከአጠገቧ እንደ ደብዛዛ ነጥብ እንደምትወጣ አስቀድመው ነግረውናል። የጣራው ወጣት ባይኖኩላሩን፣ ልጄ ደብተሯን ይዘው ይመጣሉ።